ለመርዶ የሚሄድ ፖሊስ ብቻውን አይሂድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ባለቤቴ ፖሊስ ነው፣ ዩኒፎርም ከለበሰ 14 አመት አልፎታል፣ እኔ ደሞ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ማታ በር ላይ የጫማውን ድምጽ ስሰማ ቀኑ እንዴት እንደዋለ የማውቅ ሰው ነኝ። ይሄን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ስንት ሳምንት ቆየሁ። እሱንም አስፈቅጄዋለሁ፣ የሰው ስም ሳትጠሪ ጻፊ ብሎኛል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። የጅማን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ ጭቃው አስፓልት ላይ ይወጣና ጎማ አይዝም። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አንድ አይሱዙና አንድ ባጃጅ ተጋጩና ባጃጇ ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ እዛው ህይወቱ አለፈ። ቀድሞ የደረሰው ባለቤቴ ነበር። ከልጁ ኪስ መታወቂያ አወጣ። መታወቂያ ላይ በአደጋ ጊዜ ተጠሪ የምትል መስመር አለች አይደል፣ መታወቂያ ስናወጣ ዝም ብለን የምንሞላት፣ እዛች ላይ የእናቱ ስምና ስልክ ተጽፏል። ሰው ከቦ ቆሟል፣ ግማሹ ሞባይሉን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እና ባለቤቴ መንገድ ዳር ቆሞ ለማያውቃት እናት ደወለ። ምን ይበል? ማንም አስተምሮት አያውቅም። ልጅዎ ትንሽ አደጋ ደርሶበታል፣ ሆስፒታል እየወሰድነው ነው፣ ይምጡ አላቸው።

እናትየው መጡ። ቆይተው ነው የመጡት፣ ምክንያቱም አጥሚት ሰርተው በፔርሙዝ ይዘው ነው። ትንሽ አደጋ የደረሰበት ልጅ እኮ ይርበዋል፣ እናት ደሞ ባዶ እጇን ሆስፒታል አትሄድም። በሩ ላይ ባለቤቴን ሲያዩት ዩኒፎርሙን አይተው ደስ አላቸው፣ የደወልክልኝ አንተ ነህ አሉት፣ ፔርሙዙን እሱ እጅ ላይ አስቀመጡና እቺን ያዝልኝ ልጄ፣ የት ክፍል ነው ያለው አሉት። እሱ መናገር አቃተው። ፊቱን አይተው ነው ያወቁት። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያሉት አንድ ነገር ነው፣ "ትንሽ አልከኝ እኮ ልጄ" አሉት።

ማታ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰአት እንደዛው። ራት አልበላም። ምን ሆነህ ነው ስለው ምንም ይላል። የነገረኝ ከሶስት ቀን በኋላ ነው። በ14 አመት ስራው ስንት ነገር አይቷል፣ ስለት ይዞ የመጣበት ሰው ነበረ፣ ድንጋይ የተወረወረበት ጊዜ ነበረ፣ እሱን ሁሉ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እቺን "ትንሽ አልከኝ እኮ" የምትለዋን ቃል ግን ከጆሮው ማውጣት አልቻለም። ዋሽቻቸዋለሁ ይላል። እኔ ደሞ አልዋሸህም፣ ያገራችን ወግ ነው፣ ሁላችንም መርዶ እንዲ ነው የምናደርገው እለዋለሁ፣ ግን እንደሱ ስል እራሴም አላመንኩበትም።

እስቲ መርዶ በኛ ሀገር እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ሰው ሲሞትበት አይነገረውም፣ መጀመሪያ ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት ይመከራል፣ የሚከበር ሽማግሌ ወይ የንስሐ አባት ይፈለጋል፣ ለሊቱን በደንብ ይተኛ ተብሎ ይታደራል፣ ሲነጋጋ አስር አስራ አምስት ሰው ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። አንዱ አጠገቡ ይቀመጣል፣ አንዷ ውሀ ይዛ ትቆማለች፣ ልቡ የደከመ ካለ ይታሰብበታል፣ ልጆች ወደ ጎረቤት ይወሰዳሉ። ከዛ ይነገራል። ሲነገር የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። ወዲያው የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል። ይሄን ያሰቡ አባቶችና እናቶች ሰውን በደንብ ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚሰራው መጀመሪያ የሰማው ዘመድ ሲሆን ነው። የመኪና አደጋ ሲሆን፣ ወንዝ ሲወስድ፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝ፣ መጀመሪያ የሚያውቀው ፖሊስ ነው። ፖሊሱ ደሞ ሽማግሌ የለው፣ ጎረቤት የለው፣ ያለው አንድ ስልክ ነው። እና የወጉን አንድ ቁራጭ ብቻ ይወስዳል፣ መደበቁን። የሚይዘው እጅ ሳይኖር መደበቁ ብቻ ሲቀር ጭካኔ ይሆናል፣ እሱ ጨካኝ ሆኖ ግን አይደለም።

ደሞ ዛሬ እስኪነጋ መደበቅ የሚባል ነገር የለም። አደጋው በደረሰ በግማሽ ሰአት ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው። ወንድሙ መሞቱን ፌስቡክ ላይ በሸሚዙ ለይቶ ያወቀ የሰፈራችን ልጅ አለ። ሌላም ነገር አለ፣ ጅማ ውስጥ ስንኖር ልንረሳው የማይገባ፣ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ መፋጠን አለበት፣ ጀናዛ አይታደርም፣ ይንጋ ተብሎ ቢዘገይባቸው ለነሱ ሌላ ሀዘን ነው። ኦርቶዶክስ ቤት ደሞ ለሊት ሄዶ በር ደብድቦ መናገር እንደ ነውር ይታያል። ሃይማኖቱን በመታወቂያው ላይ ካለው ስም ብቻ እየገመተ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ኮንስታብል ይሄን ሁሉ እንዴት ያመዛዝን?

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ይሄን በስልክ ስነግራት እሷ ሰፈር የሆነውን ነገረችኝ። ጎረቤቷ አንድ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ለሊት የፖሊስ መኪና በራቸው ላይ ቆመ፣ ሁለት ሰው ወረደ፣ አንዱ ፖሊስ አንዱ ደሞ መሳሪያ የሌለው፣ ጃኬቱ ላይ ቻፕለን የሚል የተጻፈበት፣ ከፖሊስ ጋር የሚያገለግል የሃይማኖት ሰው ማለት ነው። ወንድ ልጃቸው መሞቱን ሊነግሯቸው ነበር የመጡት። ፖሊሱ ከተወሰነ ሰአት በኋላ ጥሪ ስለነበረበት ሄደ፣ ቻፕለኑ ግን አልሄደም። ሴት ልጃቸው ከሌላ ከተማ ነድታ እስክትመጣ አብሯቸው ተቀመጠ፣ ስልክ ደወለላቸው፣ መድሀኒታቸውን ወስደው እንደሆነ ጠየቃቸው። እህቴ ጠዋት ቡና ይዛ ስትሄድ እዛው አገኘችው፣ ሰውየው ፓስተር ነው፣ ከፖሊስ ደሞዝ አይቀበልም፣ በፈቃዱ ነው ተራ ሲደርሰው የሚወጣው።

ከዛ በኋላ ስለነገሩ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እዛ ሀገር የፖሊስ ቻፕለን ማለት የታወቀ አገልግሎት ነው፣ እንደውም በፈረንጆቹ 1973 የተመሰረተ ዓለም አቀፍ የፖሊስ ቻፕለኖች ጉባኤ አላቸው፣ ስልጠና ይሰጣል። እንግሊዝም አለ። ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ የራሳቸው ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ወይ ምኩራብ ያላቸው፣ በሳምንት የተወሰነ ሰአት ለፖሊስ የሚሰጡ። የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ካቶሊክ ቄስም፣ የአይሁድ ራቢም፣ ኢማምም አለው። ከመቀበላቸው በፊት የኋላ ታሪካቸው ይጣራል፣ ይሰለጥናሉ። ከፖሊሶች ጋር ፓትሮል መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይዞራሉ፣ የሚዞሩት ሊሰብኩ አይደለም፣ ስራውን እንዲያውቁትና ፖሊሱ እንዲለምዳቸው ነው። የተጎዳ ፖሊስ ሆስፒታል ይጠይቃሉ፣ ቤቱ ሀዘን ሲደርስ ይሄዳሉ። መርዶ ሲነገር ደሞ የሚሰለጥኑበት ስርአት አለው፣ በስልክ አይነገርም፣ በአካል ነው፣ ሁለት ሆነው ነው፣ ሳይዘገይ ነው፣ እና በግልጽ ቃል ነው፣ ሞቷል ነው የሚባለው፣ ተጎድቷል ምናምን እየተባለ አይሸፋፈንም። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ከበደኝ፣ ለኛ ሰው እንዴት ፊት ለፊት ሞቷል ይባላል አልኩ። ከዛ ፔርሙዟ ትዝ አለችኝ።

ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ሳነብ ደስ ብሎኛል። ማርቲን የሚባል የሮማ ወታደር ብርድ ላይ የወደቀ ለማኝ አይቶ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ቀዶ ግማሹን አለበሰው፣ በኋላ ጳጳስ ሆኖ ቅዱስ ተባለ፣ የካባውም ግማሽ በፍራንክ ነገስታት ዘንድ እንደ ቅርስ ይጠበቅ ነበር። ያን ካባ የሚጠብቀው ካህን ነው በላቲን ካፔላኑስ የተባለው፣ ቻፕለን የሚለው ከሱ ነው የመጣው። ባለቤቴ ይሄን ሳነብለት "ወታደር ነበር እንዴ?" ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ለኛም ነገሩ አዲስ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ፣ የጊዮርጊስ ታቦት ነበረ፣ ካህን ከተዋጊው ጋር አብሮ ወጥቷል። እና መሳሪያ የያዘ ሰው ነፍስ እንዳለው የምናውቅ ህዝብ ነን፣ የከተማ ፖሊሱ ጋ ስንደርስ ነው የረሳነው።

የ1994 እንቁጣጣሽ ለት ኒውዮርክ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ እኛ አበባ አየሽ ወይ ስንል ነው ህንጻዎቹ የተመቱት። የከተማው እሳት አደጋ ቻፕለን አባ ማይክል ጀጅ የሚባሉ ፍራንሲስካዊ ቄስ ከሰራተኞቻቸው ጋር ሕንጻው ውስጥ ገብተው ነበር፣ እዛው ሞቱ፣ የዛን ቀን ሟቾች ሲመዘገቡ ቁጥር አንድ ሆነው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። እሳት ውስጥ ምን ይሰራሉ የሚል ይኖራል። እኔ የፖሊስ ሚስት ነኝ፣ ምን እንደሚሰሩ ይገባኛል። ከነሱ ጋር ነበሩ።

አሁን ስለ ባለቤቴና ስለ ጓደኞቹ ልናገር። ሰው ፖሊስን የሚያየው ሲያዝ ወይ ሲቀጣ ነው። እኔ የማየው በአውዳመት ነው። ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፣ ጥምቀትን ግን አንድም ቀን ታቦቱን እያየ አክብሮ አያውቅም፣ ጀርባውን ለታቦቱ ፊቱን ለህዝቡ ሰጥቶ ነው የሚቆመው፣ ስራው ህዝቡን ማየት ነዋ። ሙስሊም ባልደረባው ደሞ ኢድ ለት ሌላው ሲሰግድ እሱ መንገድ ዘግቶ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። ጴንጤው ጓደኛቸው እሁድ ጠዋት ድዩቲ ሲሆንበት ወር ሙሉ ቸርች ሳይሄድ ይቀራል። የንስሐ አባት የለውም እንዳትሉኝ፣ አለው፣ ደግ አባት ናቸው፣ ግን አባታችን ቤታችን ሲመጡ እሱ ሺፍት ላይ ነው፣ እሱ ሲመጣ እሳቸው ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ ሲገናኙም ሽማግሌውን ስለ ሬሳ እያወራሁ አላስጨንቃቸው ብሎ ዝም ይላል።

ለአለቃውስ አይናገርም ወይ ትሉ ይሆናል። አይናገርም። ሌሊት አልተኛም፣ ድምጽ ይሰማኛል ካለ አልቻለም ይባላል፣ መሳሪያህን አስረክብ ይባላል ብሎ ይፈራል፣ እድገትም አለ፣ ዋና ሳጅንነቱን እየጠበቀ ነው። ስለዚ ለማንም አይናገርም። አንዳንዱ አረቄ ቤት ሄዶ ይናገራል። አንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ልጆቹ ላይ ይጮሃል። ስለሌላ ሰው አይደለም የማወራው፣ ከነሐሴ በኋላ የኛም ቤት መብራት ሳይጠፋ ነው የሚታደረው፣ ጨለማ አይወድም፣ የ6 አመት ልጄ አባዬ ለምንድነው የሚፈራው ብላ ጠይቃኛለች።

የቻፕለን ትልቁ ነገር እዚጋ ይመስለኛል። አለቃ አይደለም፣ ማእረግ አይሰጥም አይነሳም፣ የነገርከውን ለኮማንደሩ አያደርስም። ራሱን ወይ ሌላ ሰው ሊጎዳ የተነሳ ሰው ካለ እሱ ሌላ ነው፣ ዝም አይባልም፣ ይሄም ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገራል። ከዛ ውጪ ያለው ግን እዛው ይቀራል። የሃኪም ምትክ ነው እያልኩም አይደለም። እዚሁ ሆስፒታላችን የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ መታከም ያለበት መታከም አለበት። ግን የኛ ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ በተለይ መሳሪያ የሚይዝ ወንድ፣ ዝም ብሎ ተነስቶ እዛ በር አይገባም። የሚያምነው ሰው እጁን ይዞ ና አብረን እንሂድ ካለው ነው የሚሄደው።

አንዴ እንዲ አይነት ነገር ሲሰራ አይተናል፣ ማንም ሳያቅደው። ካቻምና ነው፣ ለሊት ሌላ አደጋ ደርሶ ባለቤቴና አንድ ባልደረባው የሟቹን ቤት ፈልገው ሲሄዱ መንገድ ላይ ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ አንድ ሼህ አገኙ። አድራሻ ሊጠይቋቸው ነበር የቆሙት። ሼሁ ምን ልታደርጉ ነው ብለው ጠየቁ፣ ነገሯቸው፣ ዝም ብለው ቆሙና እኔም እሄዳለሁ አሉ። ባለቤቴ ያየውን እንዲ ነው የነገረኝ። በር ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጎረቤት ያለች አንድ ሴትዮ አስቀስቅሰው ይዘው ገቡ፣ ምክንያቱም እናት ስትወድቅ የሚይዛት ሴት መሆን አለበት አሉ። ገብተው ተቀመጡ። ውሀ አምጡልኝ አሉ፣ ውሀው የመጣው ለሳቸው አይደለም። ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ጠየቁ፣ ልጆቹን ወደ ጓዳ አስገቡ። ከዛ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂኡን አሉ። በቃ። ሙስሊም የሆነ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን እንደተፈጠረ ያውቃል፣ የአላህ ነን ወደሱም ተመላሾች ነን ማለት ነው፣ ውሸት የለበትም፣ ግን ብቻውንም አልመጣም፣ ከነማጽናኛው ነው የመጣው። አባትየው ማን ነው ብለው ብቻ ጠየቁ፣ ሼሁ የልጁን ስም ጠሩ።

ባለቤቴ የዛን ለት ቤት ሲገባ አዝኖ ነበር፣ ግን ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ቁርስ በላ። ከነሐሴው ጋር ያለው ልዩነት ይሄ ነው። እኔ ከዚ በላይ ማስረጃ የለኝም፣ ለኔ ግን በቂዬ ነው።

እና የምጠይቀው ይሄ በአጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ በስርአት እንዲሆን ነው። ከተማችን ውስጥ ካህናት አሉ፣ ሼሆችና ኡስታዞች አሉ፣ ፓስተሮችና ወንጌላውያን አሉ፣ ከነሱ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሆኑ ስድስት ሰባት ሰዎች ተመርጠው ተራ ቢገቡ፣ ስልካቸው ስቴሽን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ መርዶ ሲኖር ፖሊሱ ደውሎ ይዟቸው ቢሄድ። ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም። የስልክ ካርድና የባጃጅ ሂሳብ ነው፣ ለሱ የኛ እድር ብቻውን ይበቃል፣ እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ስልጠናው ላይ ግን መቆጠብ የለበትም። ሃኪም ያስተምራቸው፣ ሰው ሲደነግጥ ምን እንደሚሆን፣ የልብና የስኳር በሽተኛ ምን እንደሚደረግ። ልምድ ያለው የትራፊክ ፖሊስ ያስተምራቸው። ከሁሉም በላይ ደሞ መርዶ በስልክ የደረሳት አንዲት እናት መጥታ ትንገራቸው፣ ፈቃደኛ የሆነች ካለች።

ሴቶች ይኑሩበት፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። እኛ ጋ ሃይማኖት ሲባል ወንድ ብቻ ነው የሚታሰበው፣ መርዶ የሚወድቀው ግን አብዛኛው ሴት ላይ ነው፣ ቤት ያለችው እሷ ናት። ሼሁ እንኳን ይሄን አውቀው ነው ጎረቤቷን ያስቀሰቀሱት። መነኩሲቶች አሉ፣ የሰንበቴ እናቶች አሉ፣ ቁርአን የሚያስቀሩ እህቶች አሉ፣ በቸርች የሚያገለግሉ አሉ። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የሚባለውን የእናቶች በትር የያዙ እናቶች ሲነሱ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያዳምጣቸው። ቋንቋም ይታሰብበት፣ ግማሹ ሰው አፋን ኦሮሞ ነው አፉን የፈታው፣ መርዶ ደሞ በእናት ቋንቋ ነው መነገር ያለበት።

የሚቃወም እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ከባለቤቴ ጓደኞች ጋር ቤታችን ቡና እየጠጣን ተከራክረንበታል። አንደኛው ያለው ህገ መንግስቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፣ ፖሊስ ደሞ መንግስት ነው ነው። እውነቱን ነው። ለዛ ነው ደሞዝ አይከፈላቸው፣ ማእረግ አይሰጣቸው፣ ማንም ፖሊስ እንዲያናግራቸው አይገደድ የምለው። ሃይማኖት የሌለውም ሰው ቢሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ከፈለገ ይቀመጡለት፣ ካልፈለገም ይተውት። ሌላው ጥያቄ ከዚ ይከብዳል። እኛ ከተማ ሁሉም ሃይማኖት ጎን ለጎን ነው የሚኖረው፣ በሀዘን ቤት ገብቶ መስበክ ከተጀመረ ፍቅራችን ይበላሻል። ስለዚ ስራ ላይ እያሉ ስብከት የለም፣ ና እኛ ጋ ማለት የለም፣ የጣሰ በዛው ቀን ይሰናበታል። ለኦርቶዶክሱ ቄስ ለሙስሊሙ ሼህ የሚደወለውም ለዛ ነው፣ የሚመጣው ሰው የዛን ቤት ጸሎት የሚያውቅ እንዲሆን።

ሶስተኛውን ያነሳው የባለቤቴ አለቃ የነበረ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ህዝቡ ቄሱን ፖሊስ መኪና ውስጥ ካየ ወሬ አቀባይ ሆነ ብሎ ይሸሸዋል አለ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በኛ ሀገር ሰው ፖሊስን የሚፈራበት ምክንያት አለው፣ እኔም ሚስቱ ሆኜ አውቀዋለሁ። ስለዚ ከመጀመሪያው መጻፍ ያለበት ነገር ይሄ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ስለማንም ሰው ለፖሊስ መረጃ አይሰጡም፣ ምርመራ ውስጥ አይገቡም፣ ታሳሪን ጥፋትህን እመን ብለው አይመክሩም፣ ፖሊስ ሰው ከበደለም ሊሸፍኑለት አይገቡም። እንደውም እኔን ብትጠይቁኝ ካህን አጠገቡ የተቀመጠ ፖሊስ ሰው ለመምታት እጁ አይፈጥንም። እሱ ራሱ አንድ ጥቅም ነው።

ስሙን ምን እንበለው ብለን ስንከራከር ነበር። የፖሊስ የንስሐ አባት ብንል ሙስሊሙን አይጠራም፣ ቻፕለን ብንል እናቶቻችን አያውቁትም። ባለቤቴ "አብሮ ሂያጅ" በሉት አለ። እኔ ደስ ብሎኛል፣ እናንተ የተሻለ ካላችሁ ጻፉበት።

አዘጋጆች ሆይ፣ ደብዳቤዬ ረዘመባችሁ፣ ቦታ ካጠራችሁ ሌላውን ቁረጡት፣ ይሄ የመጨረሻውን ግን አታውጡብኝ። ፔርሙዟ እኛ ቤት ናት። የዛን ቀን እናትየው ሲወድቁ ሰው አንስቶ ወሰዳቸው፣ እሱ እጅ ላይ ቀረች፣ ምን እንደሚያደርጋት ሳያውቅ ይዟት መጣ። አጥሚቱን እኔ ነኝ የደፋሁት፣ አጥቤ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቀይ ናት፣ ክዳኗ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ስንጥቅ አላት፣ ማንም በቤታችን አይነካትም። ልመልስላቸው ይላል፣ ቤታቸውን ጠይቆ አውቆታል፣ ሁለቴ እስከ መናኸሪያ ሄዶ ተመልሷል፣ በየትኛው ፊቴ ነው የማንኳኳው ይላል። እኔ አብሬው ልሄድ ብዬ ነበር፣ ግን እኔም ምን እንደምል አላውቅም። ይሄን የሚያነብ አንድ ሼህ ወይ አንዲት እናት፣ የነሱን ዱዓ የሚያውቅ፣ ከባለቤቴ ጋር እስከ በሩ የሚሄድ ካለ፣ ስልካችን ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ። ሐሙስ ገበያ ለት ባይሆን ይሻላል፣ እናትየው ገበያ ይወጣሉ አሉ። ሌላ ቀን ግን የፈለጋችሁት ሰአት ይሆናል፣ ፈቃድ ይጠይቃል።

አክባሪያችሁ
የፖሊስ ባለቤት፣ ከጅማ